ክርክር፦ የፍሬሽማን ኮርስ ሥራ ያስይዛል ወይስ ዓመት ይበላል?

አወያይ፦ ሰላም የጅማ ልጆች። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ዲፓርትመንት ከመያዙ በፊት፣ ፍሬሽማን በሚባለው አንደኛ ዓመት፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የቀንዱ ጂኦግራፊ ይማራል። አሜሪካ ያሉት ሊበራል አርትስ ኮሌጆች ይህንኑ በሰፊው ነው የሚሠሩት። እዚያ ተማሪው ሜጀሩን፣ ማለትም ዋና የትምህርት ዘርፉን፣ የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ዓመት ሲያልቅ ነው፤ እስከዚያ ከየዘርፉ እየቀመሰ፣ እየጻፈ፣ እየተከራከረ ይቆያል። ይሄ ለሥራ ይጠቅማል? ስድብ ክልክል ነው።

ሲቪል ኢንጂነር (ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ የተማረ)፦ አይጠቅምም። ሳይት ስገባ ፎርማኑ የጠየቀኝ የኮለኑ ስታፋ (የዓምዱን ብረት ዙሪያውን የሚያስረው ብረት) በስንት ሴንቲ ይታሰር ብሎ ነው፤ ስለ ፍሮይድ የጠየቀኝ የለም። ያን ዓመት ለተግባር ልምምድ ቢሰጡን ኖሮ አፌን ይዤ አልቀርም ነበር።

ቡና አቅራቢ፦ ልጄ፣ ልክ ነህ፣ ግን የኔን ስማ። እሸት ቡና መቀበያው ላይ አካውንቲንግ የተመረቀ ልጅ ቀጠርኩ። ሂሳቡ እንከን የለውም። ገበሬ ጥሬ የተቀላቀለበት ቡና ሲያመጣ ግን «አይቀበልም» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ገበሬው ጆንያውን ጭኖ ጎረቤቴ ጋ! ሚዛን ላይ ደግሞ ሶሲዮሎጂ ተምራ ሥራ ያጣች ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ከጆንያው እፍኝ ዘግና ሰፌድ ላይ ዘረገፈች። ቀዩን ለብቻ፣ አረንጓዴውን ለብቻ ለየችና በኦሮምኛ «አባ፣ ይሄ ለምን ቶሎ ተለቀመ?» አለችው። «ሌሊት ይሰርቁኛል» አላት። እኔ ስንት ዓመት ስቀበል ጠይቄ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ የአንድ ሰፈር ገበሬዎች በጋራ እየጠበቁ በአንድ ቀን እንዲለቅሙ አስማማቻቸው። ዛሬ ግዢውን የምትመራው እሷ ናት።

ሲቪል ኢንጂነር፦ ጋሼ፣ እሱ የልጅቷ ተፈጥሮ ነው። ሀንዳውት አልሰጣትም።

ሜዲካል ተማሪ፦ ተፈጥሮ ብቻ አይደለም፣ ይለመዳል። ሲቢቲፒ፣ ማለትም ማኅበረሰብ ውስጥ ገብተን የምንማርበት ፕሮግራም፣ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ቀበሌ ገብተን ቤት ለቤት መጠይቅ እንሞላለን፤ ከዚያ ችግሮቹን በቅደም ተከተል አስቀምጡ እንባላለን። የኛ ቡድን መጸዳጃ ቤት ይቀድማል ብሎ ደመደመ። ስብሰባው ላይ አንዲት እናት ተነሥተው «የቆፈርነውማ አለ፤ ክረምት ውሃ እየሞላው ነው የተውነው» አሉን። ሪፖርቱን ቀደድነው ማለት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲያችን በ1992 ዓ.ም. የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋህደው ሲመሠረት ይሄን አሠራር ይዞ ነው የመጣው። ለኔ ሊበራል አርትስ የሚባለው ጅማ ውስጥ ካለ፣ እዚህ ነው ያለው።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦ የኔን ግቢ ስም ልተወው። ሎጂክን አዳራሽ ሙሉ ሆነን ተማርን፣ ፈተናው ምርጫ። የፋላሲዎቹን (የተሳሳቱ የክርክር ዓይነቶችን) ስም ሸምድጄ ኤ አመጣሁ። በሴሚስተሩ አንድም ቀን አልተከራከርኩም፣ አንድ ገጽም አልጻፍኩም።

የሎጂክ መምህር፦ ልጁ የተናገረው እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የትምህርቱ ሳይሆን የአሰጣጡ ነው። እነዚያ ኮሌጆች ክፍሉን አሳንሰው መምህሩ የያንዳንዱን ጽሑፍ አንብቦ ይመልሳል። ውድ የሆኑትም በከፊል ለዚህ ነው። ለአፍሪካ አይሆንም እንዳትሉ፣ ጋና አሸሲ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። ፓትሪክ አዉዋ አሜሪካ ስዋርትሞር ኮሌጅ ተምሮ፣ ማይክሮሶፍት ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ከፈተው። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማረውም ሥነ ምግባርና መጻፍ ይማራል።

ሲቪል ኢንጂነር፦ ሰውየው እኮ ስዋርትሞር የተማረው ኢንጂነሪንግና ኢኮኖሚክስ ነው! ደግሞ መምህር፣ አንተ የምትከላከለው ደሞዝህን ነው።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪ፦ ይቺ ፋላሲ የሎጂክ ሞጁላችን ምዕራፍ አምስት ላይ አለች 😂 ሰውየውን እንጂ ክርክሩን አልነካህም።

ሲቪል ኢንጂነር፦ እሺ ይቅርታ መምህር።

የተማሪ እናት፦ ልጆቼ፣ የኔ ልጅ ዘንድሮ ፍሬሽማን ነው። ከ2015 ጀምሮ ለመመረቅ የሚወሰድ መውጫ ፈተና አለ፤ የሚጠይቀው ደግሞ የዲፓርትመንቱን ነው አሉኝ። ታዲያ በዚህ ዓመት ትምህርት ምን ያደርግበታል? ድሃ ቤት አንድ ዓመት ቀላል አይደለም።

የሎጂክ መምህር፦ እትዬ፣ ለመውጫ ፈተናው ብዙም አይጠቅመውም፣ አልዋሽዎትም። ዲፓርትመንት ሲመርጥ ግን ሰው ስለሮጠ አይሮጥም። ደግሞ ማመልከቻና ሪፖርት መጻፍ የማይችል ስንት ተመራቂ አለ። ልጅዎ ከወዲሁ ይጻፍ፣ የሚያርመውም ሰው ይፈልግ።

ሲቪል ኢንጂነር፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን አንደኛ ዓመት ላይ ብቻ ለምን ይታጨቃል? ለሁሉም ዓመት ይበተን። ሎጂኩ መጨረሻው ዓመት ላይ ፕሮጀክት ስንከላከል በጠቀመን።

ሜዲካል ተማሪ፦ ይሄ ያስኬዳል።

ቡና አቅራቢ፦ ኢንጂነሩ ልጄ፣ መጋዘን ላሠራ ነው። ዲዛይኑ አልቋል፤ የጣሪያው ውሃ ግን በጎረቤቶቼ በኩል ካልወረደ መውጫ የለውም፣ እነሱ ደግሞ እምቢ ብለዋል። መጥተህ ታስማማልኛለህ?

ሲቪል ኢንጂነር፦ ቦዩን እሠራለሁ ጋሼ። ጎረቤቶችዎን ያቺ ልጅ ታናግርልኝ።