የ1897 ማህተም ያለው የኦፓል ቀለበት፦ መሃለኛው ድንጋይ ግን አላማረኝም

የካታሎጓ_ልጅ፦

ሰላም ወገኖች። እንግሊዝ አገር ለጨረታ ለሚቀርብ ቀለበት መግለጫ እየጻፍኩ ነው። ካታሎጉ የሚወጣው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ለመወያየት እንዲመች እዚህ በአማርኛ አስቀምጠዋለሁ።

ቀለበቱ ባለ 3 ኦፓል ነው። ሦስቱም በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል፤ መሃለኛው ተለቅ፣ የግራና የቀኙ አነስ ይላሉ። በመካከላቸው ጥቃቅን ሮዝ ከት (ከሥራቸው ጠፍጣፋ ሆነው የተሞረዱ) አልማዞች ሁለት ሁለት ሆነው ገብተዋል፣ በድምሩ 4። ትከሻው (ከድንጋዮቹ ግራና ቀኝ ያለው የወርቁ ክፍል) ቅርጽ ወጥቶለታል። በውስጥ በኩል መልህቅ፣ ዘውድ፣ 18 ቁጥርና የዓመት ፊደል ተመትቶበታል፤ ፊደሉን ከሰንጠረዡ ጋር ሳመሳክረው የቢርሚንግሃም 1897 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) ሆኖ አገኘሁት። ጠቅላላ ክብደቱ 3.4 ግራም። መሃለኛው 7 በ5 ሚሊ ሜትር ነው፣ በጎን ባለው ክፍተት ሲለካ ውፍረቱ 3። የጎኖቹ እያንዳንዳቸው 5 በ4፣ ውፍረታቸው 2.5።

የጎኖቹ እንደ ወተት ነጭ ናቸው፣ ቀለማቸውም በመርፌ ጫፍ የተወጋ ያህል የደቀቀ ነው። አንደኛው ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ አለ። መሃለኛው ግን መደቡ ጥርት ያለ ማር መሳይ ሆኖ ሰፋፊ አረንጓዴና ብርቱካናማ ቀለም ይጫወትበታል። ሻጯ «ዕቃ ሳጥብ ከቆየሁ ቀለሙ ይጠፋና በማግስቱ ይመለሳል» ብላለች።

ረቂቄ ይኸውና፦ «የቪክቶሪያ ዘመን የኦፓልና የአልማዝ ቀለበት፣ 18 ካራት ወርቅ፣ ቢርሚንግሃም 1897፣ መሃሉ 1.20 ካራት የአውስትራሊያ ኦፓል፣ በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ።» 1.20 የሚለውን ያገኘሁት ከድሮ የኢንሹራንስ ግምት ወረቀት ነው፣ ዋጋውንም ከዚያው ልወስድ አስቤ ነበር። እህታችሁን እርሙኝ።

ሉፕ10፦

ማህተሙ የሚመሰክረው ስለ ወርቁ ነው፤ ስለ ድንጋዩ አንዲት ቃል አይናገርም። ዘውዱና 18 ወርቁ ከሺህ 750 እጅ ንጹሕ መሆኑን፣ መልህቁ የተፈተሸበትን ከተማ፣ ፊደሉ የተፈተሸበትን ጊዜ ይነግሩሻል። በዚያ ዘመን የቢርሚንግሃም ፊደል የሚለወጠው በጁላይ ስለነበር 1897 ሲባል እስከ 1898 አጋማሽ ይዘልቃል። ዓመቱን ከቀለበቱ አካል ጋር እንጂ ከኦፓሉ ጋር አታያይዢው።

አካሉም ቢሆን አንድ ወጥ መሆኑን አረጋግጪ። ማህተሙ ያለበትን ማዞሪያ (ጣት የሚገባበትን ክብ) ከአንዱ ቀለበት፣ ራሱን (ድንጋዮቹ የሚቀመጡበትን አናት) ከሌላው ቆርጦ መበየድ የቆየ ሙያ ነው። ወርቁን በትንፋሽሽ እፍ በዪበትና ጤዛው ሳይነሳ በሉፕ (በማጉያ መነጽር) እዪው፤ ብየዳ ያለበት ቦታ እንደ ክር መስመር ሆኖ በቀለም ይለያል። መስመሩ ከታች፣ ከመዳፍ በኩል ካለ ቀለበቱ ለጣት ጠብቧል ወይም ሰፍቷል ማለት ነው። ያ ነውር አይደለም፣ መጻፍ ብቻ ነው። መስመሩ በሁለቱ ትከሻዎች ላይ ካለና ቅርጹ እዚያ ላይ ከተቋረጠ ግን ራሱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው።

ከዚያ ድንጋዮቹን የያዙትን የወርቅ ጥፍሮች አንድ በአንድ እዪ። የድሮ ጥፍር ጫፉ ተልጦ ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ የበቀለ ይመስላል። የታደሰ ጥፍር ጫፉ ድቡልቡል ነው፣ ይበልጥ ያበራል፣ ቀለሙም ከሥሩ ይለያል። በመሃለኛው ላይ ያሉት ብቻ ከታደሱ ምክንያቱን ጠይቂ። በድንጋዩና በመቀመጫው መካከል በአንድ ወገን ብርሃን ካሾለከም መቀመጫው የተሠራው ለሌላ ድንጋይ ነበር።

እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው ግን የገጹን ልስላሴ ነው። የኦፓል ጥንካሬ ከ5.5 እስከ 6.5 ነው፤ ተራ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ነው። መቶ ዓመት ጣት ላይ የዋለ ኦፓል አናቱ ሳይጫጫር አይቀርም፣ መስኮት ሥር ይዘሽ ስታዘነብዪው አንጸባራቂነቱ የደበዘዘ ነው። የጎኖቹ እንደዚያ ሆነው መሃለኛው እንደ ብርጭቆ ካበራ፣ ወይ እንደገና ተወልውሏል ወይ አዲስ ነው።

አልማዞቹንም አትለፊያቸው። ሮዝ ከት ከሥሩ ጠፍጣፋ ነው። ከአራቱ አንዱ ወደ ታች የሾለ ጫፍ ካለው እሱ ሮዝ ከት አይደለም፣ በኋላ የገባ ነው። በሙቀት የሚሠራውን ዳይመንድ ቴስተር (የአልማዝ መለያ መሣሪያ) ስትጠቀሚ ጫፉ ወርቁን ከነካ የሚሰጥሽ ንባብ ዋጋ የለውም፤ እንዲህ ባሉ ጥቃቅኖች ላይ ደግሞ ወርቁን ሳይነካ ማለፉ ከባድ ነው።

ደላንታ_ኦፓል፦

«ውሃ ሲነካው ይጠፋል፣ በማግስቱ ይመለሳል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከሁሉም መረጃሽ በላይ ይመዝናል። ሃይድሮፌን የምንለው ነው፤ ድንጋዩ እንደ ስፖንጅ ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ውሃ ሲጠጣ መስታወት ይመስላል፣ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። የአውስትራሊያ ኦፓል በአብዛኛው ይህን አያደርግም። የወሎው፣ በተለይ ከወገል ጤና አካባቢ ከደላንታ የሚወጣው፣ ያደርጋል። ማር መሳይ ጥርት ያለ መደብና ሰፋፊ ቀለምም ለእኛው ይቀርባል።

አሁን ዓመቱን ልብ በዪ። የወሎው ኦፓል ወደ ገበያ የወጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2008 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ከመንዝ በኩል የመጣው ቡናማው የመዘዞ ኦፓል ነበር፣ እሱም በ1990ዎቹ እንጂ በ1890ዎቹ አይደለም። ስለዚህ ድንጋዩ የወሎ ከሆነ በ1897 ቀለበት ውስጥ ሊገኝ የሚችለው ሰው ቀይሮት ብቻ ነው።

ግን በጭፍን «የኢትዮጵያ ኦፓል» ብለሽ አትጻፊ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለአውሮፓ ኦፓል ታቀርብ የነበረችው ድሮ ሃንጋሪ ዛሬ ስሎቫኪያ ውስጥ ያለችው ዱብኒክ ናት፤ ከእሷም ሃይድሮፌን ወጥቷል። የጎኖቹንም ነጭ ስለሆኑ ብቻ የአውስትራሊያ ማለት ግምት ነው። የትውልድ ቦታ የላቦራቶሪ ሥራ ነው፣ በካታሎግ ውስጥ በዓይን አይሰጥም።

በሉፕ የምታዪውን ልንገርሽ። ከላይ ስታዪው ቀለሙ እንደ ጣቶች ጫፍ ተደርድሮ ጣቶቹ መሃል ቀለም የሌለው ክፍተት ካለ፣ ያ ብዙ ጊዜ የወሎው ነው። የቀለሙ ንጣፍ እንደ እንሽላሊት ቆዳ ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ ከታየና ከጎን እንደ ምሰሶ ቀጥ ካለ ግን ሰው ሠራሽ መሆኑን ጠርጥሪ፤ ጊልሰን የሚባለው ሰው ሠራሽ ኦፓል ከ1974 ጀምሮ ገበያ ላይ አለ። ሁለቱ ለጀማሪ ዓይን ይመሳሰላሉ። በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር የጎኖቹ ነጭ ብርሃን ሰጥተው መሃለኛው ጸጥ ካለ የአንድ ቦታ ልጆች አለመሆናቸውን ያጠናክርልሻል፣ ብቻውን ግን ማስረጃ አይደለም።

አንድ የማስጠነቅቅሽ ነገር፦ መሃለኛውን ሪፍራክቶሜትር (ድንጋይ ብርሃን የሚሰብርበትን መጠን የሚለካ መሣሪያ) ላይ እንዳታስቀምጪው። የመገናኛው ፈሳሽ ወደ ውስጥ ከገባ አይወጣም፣ ድንጋዩ ይበልዛል። ዘይት፣ ሳሙና፣ አልትራሶኒክ (በድምፅ ሞገድ የሚያጥብ) ማጠቢያም ያው ነው። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አጽጂው።

ጋሽ_ሚዛን፦

ልጄ፣ 1.20 ከየት እንደመጣ በሂሳብ እንየው። ጉብ ብሎ ለተሞረደ ሞላላ ድንጋይ ርዝመት በወርድ በውፍረት ይባዛል፣ ከዚያ በድንጋዩ እፍጋት፣ ከዚያ በ0.0026። መሃለኛው 7 × 5 × 3 × 2.0 × 0.0026 ሲሆን 0.55 ካራት ገደማ ይሰጣል። የጎኖቹ 5 × 4 × 2.5 × 2.1 × 0.0026፣ እያንዳንዳቸው 0.27 ገደማ። ሦስቱ ተደምረው 1.09 ነው። የኢንሹራንሱ ሰው የሦስቱን ድምር ከፍ አድርጎ ገምቶ ይሆናል፣ ከዚያ ወረቀቱ ሲገለበጥ ቁጥሩ ለመሃለኛው ተሰጠ። ድንጋዩ ሳይነቀል የተገመተ ከሆነ «በግምት» የሚለው ቃል ከቁጥሩ አይለይ። እፍጋቱ 1.95 ይሁን 2.1 ልዩነቱ ከመቶኛ ቤት ስለማያልፍ፣ በክብደት የትውልድ ቦታ ለመለየት አትድከሚ።

ወርቁን ደግሞ እንዲህ አስቢው። በድንጋይ ክብደት 5 ካራት 1 ግራም ነው (ከወርቁ 18 ካራት ጋር አይምታታብሽ)፤ ድንጋዮቹ 0.2 ግራም ያህል ቢወስዱ የሚቀረው 3.2 ግራም ነው፣ በ0.75 ሲባዛ 2.4 ግራም ንጹሕ ወርቅ። ይህ የዋጋው ወለል ነው፣ ከዚያ በታች ግምት አታስቀምጪ።

የኢንሹራንስ ወረቀት ዋጋ ግን ለጨረታ አይሆንም። እሱ ሱቅ ገብቶ አዲስ ለመተካት የሚያስፈልገውን ገንዘብ ነው የሚገምተው። ያለፉ ጨረታዎችን ስታመሳክሪም ተጠንቀቂ፦ ብዙ ጊዜ የሚታተመው የተሸጠበት ዋጋ የገዢውን ኮሚሽን ጨምሮ ነው፣ ግምቱ ግን ያለ ኮሚሽን ነው። መዶሻው 400 ፓውንድ ላይ ቢያርፍ፣ ኮሚሽኑ 26 በመቶ፣ በኮሚሽኑ ላይ 20 በመቶ ቫት ቢኖር፣ ገዢው የሚከፍለው 524.80 ነው። 524ን አይተሽ ግምት ካወጣሽ ሻጯን በባዶ ታስጎመጃለሽ። ሪዘርቩ (ከሱ በታች ዕቃው የማይሸጥበት ዋጋ) ደግሞ ከዝቅተኛው ግምት መብለጥ የለበትም።

የካታሎጓ_ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሂሳቡ ገባኝ። እናንተ እንዳላችሁት አየሁት። ብየዳው ከታች አንድ መስመር ብቻ ነው፣ የትከሻው ቅርጽ ሳይቆረጥ እስከ ራሱ ይሄዳል። መሃለኛውን ከያዙት 4 ጥፍሮች 3ቱ ድቡልቡልና ደመቅ ያለ ቢጫ ናቸው፤ የጎኖቹ ጥፍሮች ሁሉ ተልጠዋል። የጎኖቹ አናት ደብዝዟል፣ መሃለኛው ጭረት የለውም። የጣት ጫፍ መሳይ ድርድሩም አለ። 4ቱም አልማዞች ከሥር ጠፍጣፋ ናቸው፣ አንደኛው ጠርዙ ላይ ተሸርፏል።

ሉፕ10፦

እንግዲያው እንዲህ አድርገሽ ጻፊው፦

«ባለ ሦስት ኦፓል የቪክቶሪያ ዘመን መገባደጃ ቀለበት። ሞላላ ካቦሾን (ጉብ ብለው የተሞረዱ) ኦፓሎች በመጠን ተደርድረው፣ በመካከላቸው 4 ሮዝ ከት አልማዞች፣ ትከሻው የተቀረጸ፣ 18 ካራት ወርቅ፣ የቢርሚንግሃም ማህተም 1897። ኦፓሎቹ በድምሩ በግምት 1.09 ካራት፣ ሳይነቀሉ የተገመተ። መሃለኛው ኦፓል በኋላ የተተካ ይመስላል። ጠቅላላ ክብደት 3.4 ግራም።»

የይዞታ ዘገባውን ለብቻ አድርጊው፦ የግራ ወይስ የቀኙ ኦፓል እንደተሰነጠቀ፣ የተሸረፈው አልማዝ የትኛው እንደሆነ፣ የታደሱት 3 ጥፍሮች፣ መጠኑ መቀየሩ፣ መሃለኛው ውሃ የሚጠጣ መሆኑ። የመጨረሻውን እንዳትተዪ፣ ገዢው ቤቱ ወስዶ ሳሙና ውስጥ ይዘፈዝፈዋል። «በጥሩ ይዞታ» የሚለው ሐረግ ይውጣ፤ የዕቃ መመለስ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። «ይመስላል» የሚለውን አታውጪ፤ 3 አዲስ ጥፍርና ጭረት የለሽ ገጽ እንደገና በተወለወለ ድንጋይ ላይም ሊታዩ ይችላሉ። ፎቶውን አንዱን በቀን ብርሃን፣ አንዱን በመብራት አንሺ፣ ጀርባውንም ጨምሪ፤ ኦፓሉ ሙሉ በሙሉ መድረቁን አይተሽ።

የካታሎጓ_ልጅ፦

ሻጯ የላቦራቶሪ ወረቀት እንዲወጣለት ከፈለገች ድንጋዩ ይነቀል?

ደላንታ_ኦፓል፦

አይነቀል። ላቦራቶሪው ድንጋዩን ቀለበቱ ላይ እንዳለ ይመረምረዋል፣ ወረቀቱ ላይም ከነመቀመጫው መመርመሩን ይጽፋል። የጎኖቹ ጥፍሮች ተልጠው ስላለቁ ሲገለበጡ ይሰበራሉ፤ እነሱን ለማደስ እሳት ሲነካ ደግሞ የተሰነጠቀው ኦፓል ለሁለት ይከፈላል። ስትልኪው በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለሽ በጠንካራ ሳጥን ላኪ፣ «ኦፓል እርጥበት ይወዳል» ብለው እርጥብ ጥጥ የሚያደርጉትን አትስሚ፤ መሃለኛው ውሃውን ጠጥቶ ላቦራቶሪው ዘንድ የሚደርሰው ቀለሙ ጠፍቶ ነው።