ምን እንደምማር በእንግሊዝኛ ስናገር የቱን ልበል?

የታቦር ልጅ (ሀዋሳ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ለትርፍ ሰዓት ሥራ ኢንተርቪው ጠርቶኛል፣ በእንግሊዝኛ ነው አሉ። መጀመሪያ «ራስህን አስተዋውቅ» ማለታቸው አይቀርም። ግቢ ውስጥ ሁላችንም «ማይ ዲፓርትመንት ኢዝ አካውንቲንግ» ነው የምንለው። የዶርሜ ልጆች ግማሾቹ «አይ ለርን አካውንቲንግ» በል ይሉኛል፣ ግማሾቹ ደግሞ «አይም ሜጀሪንግ ኢን»። የቱ ነው ልክ? «ኢን ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ» ነው ወይስ «አት»?

መምህሩ (አዳማ)፦
«ለርን»ን ተወው። እሱ መኪና መንዳት፣ ጊታር፣ ዋና ለሚለምድ ሰው ይሻላል። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከሆነ «ስተዲ» ነው። «አይም ስተዲንግ አካውንቲንግ አት ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ» በል፣ በቃ። እንግሊዝም ሆነ አሜሪካዊ ግር አይለውም። ተቋም ሲሆን «አት»፣ ከተማ ሲሆን «ኢን»። «ሜጀሪንግ ኢን»ም ስህተት የለበትም፣ የአሜሪካኖች አነጋገር ነው። እንግሊዞቹ «አይም ዱዊንግ አ ዲግሪ ኢን አካውንቲንግ» ማለት ይቀናቸዋል። ብቻ ያቺን «ኢን» ያለ ቦታዋ እንዳትከታት፦ ከ«ሜጀሪንግ» ቀጥላ ትመጣለች፣ «ስተዲንግ» እና «አካውንቲንግ» መሀል ግን ቦታ የላትም። እዚህ አዳማ «አይም ስተዲንግ ኢን አካውንቲንግ» የማይል ተማሪ ማግኘት ብርቅ ነው፣ ጆሮዬን አደነቆሩት።

ሪሴፕሽኗ (ሀዋሳ)፦
መምህር ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ እኔ የምሠራው ሆቴል ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ሆቴል ውስጥ ዲፓርትመንት ማለት ፍሮንት ኦፊስ፣ ሃውስኪፒንግ፣ ኪችን ነው። ገና ከመግባትህ «ማይ ዲፓርትመንት ኢዝ አካውንቲንግ» ካልክ ሌላ ሆቴል ሒሳብ ክፍል የምትሠራ ነው የምትመስለው 😂 አበሻ ማናጀር ከሆነ ይገባዋል፣ ራሱም ግቢ እያለ እንደዛ ሲል ነው የኖረው። ፈረንጅ ከሆነ ግን «የት ሆቴል?» ብሎ ቢጠይቅህ እንዳትደነግጥ።

ጂሲ ነኝ፦
ዓመትህንም አብረህ ጨርሰው፦ «አይም አ ሰርድ ይር አካውንቲንግ ስቱደንት»። ያቺ «አ» እንዳትረሳ። ሲቪህ ላይ የምትመረቅበትን ዓመት ከጻፍክ በፈረንጅ አቆጣጠር አድርገው። የኛ ሰኔ 2019 የነሱ ጁን 2027 ነው። በኛው 2019 ብለህ ከተውከው «ይሄ ልጅ ከተመረቀ ቆየ እኮ» ይሉሃል።

የታቦር ልጅ፦
መምህር እግዜር ይስጥልኝ። ሪሴፕሽኗ አንቺ ባትነግሪኝ በሒሳብ ሠራተኛነት ልቀጠር ነበር 😅 «ዋት ኮርስ አር ዩ ዱዊንግ» ቢሉኝስ? የዚህን ሴሚስተር ኮርሶች ልዘርዝር?

መምህሩ፦
ኧረ አትዘርዝር! ጠያቂው የእንግሊዝ አነጋገር የለመደ ከሆነ ኮርስ የሚለው ሙሉውን የዲግሪ ፕሮግራም ነው፣ «አካውንቲንግ» ብለህ ዝም በል። አሜሪካኖች ናቸው እንደኛ አንዱን ትምህርት ብቻ ኮርስ የሚሉት። እነሱ ደግሞ «ዋትስ ዩር ሜጀር» ብለው ነው የሚጠይቁህ።