የባልቲሞር ሲስተሮች ጉዞ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበው ዕቅድ

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማኅበራችንን የቅዳሜ አማርኛ ክፍል ልጆች በዚህ ዓመት ወደ ባልቲሞር እንውሰዳቸው የሚለው ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤ ሊቀርብ ነው። ከዚያ በፊት እዚሁ ተነጋግረን ብንጨርስ ይሻላል። ጉባኤ ላይ ከተጀመረ መቼ እንደሚያልቅ ታውቁታላችሁ።

ለማያውቀው ባጭሩ ልበል። ባልቲሞር ውስጥ «ኦብሌት ሲስተርስ ኦፍ ፕሮቪደንስ» የሚባል የካቶሊክ ደናግል ማኅበር አለ። የተመሠረተው በ1829 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች መሥርተውት ጸንቶ የቀረ የመጀመሪያው የደናግል ማኅበር ነው። ትምህርት ቤታቸው ደግሞ በአንድ ዓመት ይቀድማል። ሴንት ፍራንሲስ አካዳሚ ይባላል፣ ዛሬም ተማሪ ያስተምራል። ሜሪላንድ ባርነትን የሻረችው በ1864 ነው። እነዚህ ሴቶች እንግዲህ ጥቁር ልጆችን ፊደል ያስቆጠሩት ሰው በሚሸጥበት ከተማ ውስጥ ነው።

እኛ ከዚህ ሁሉ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አንርቅም። ልጆቻችን ግን ከባልቲሞር የሚያውቁት አኳሪየሙን ብቻ ነው። እስቲ አስተያየት አምጡ።

ገንዘብ ያዥ፦
ሐሳቡን አልጠላሁትም። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ አብዛኛው አባል ኦርቶዶክስ ነው፤ ሙስሊምም ጴንጤም አለን። «ልጆቻችንን ካቶሊክ ሊያደርጓቸው ነው» የሚል አይጠፋም። ሁለተኛ፣ አውቶብሱን ማን ይከፍላል?

እትዬ (ከሽማግሌዎች)፦
የመጀመሪያውን ለእኔ ተውልኝ ልጄ። እኔ አዲስ አበባ ሲስተሮች ጋ ነው የተማርኩት። ኦርቶዶክስ ሆኜ ገባሁ፣ ኦርቶዶክስ ሆኜ ወጣሁ። ጠዋት ጠዋት ተሰልፈን እጃችንን እንዘረጋለን፣ ጥፍራችን ይታያል። ያልቆረጠች ወየውላት። ሒሳብና ጥልፍ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ስንቱ አባላችን እኮ አገር ቤት እያለ ልጁን ሚሽን ለማስገባት ደጅ ሲጠና ነው የኖረው! የሚያጉረመርም ካለ ወደ እኔ ላኩት።

ገንዘብ ያዥ፦
እሺ እትዬ፣ በእርስዎ ላይ ማን ይናገራል። አውቶብሱስ?

የታሪክ ተማሪው፦
አውቶብሱ ይቆየን ጋሼ። መጀመሪያ ምን ልናሳያቸው እንደሆነ እንወቅ። እኔ ልጆቹን ይስባቸዋል የምለው መሥራቿ ናቸው፣ እናት ሜሪ ላንጅ። ከካሪቢያን የመጡ ስደተኛ ናቸው። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ፈረንሳይኛ ነው። የሄይቲ አብዮት ሲፈነዳ ብዙ ሰው ከሴንት ዶሚንግ፣ ከዛሬዋ ሄይቲ ማለት ነው፣ ወደ ባልቲሞር ሸሽቷል፣ ከተማው ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚናገር ጥቁር ማኅበረሰብ ነበር። ላንጅና ማግደለን ባላስ የምትባል ጓደኛቸው በገዛ ቤታቸው ልጆችን በነጻ ያስተምሩ ነበር፤ መንግሥት ለጥቁር ልጅ ትምህርት ቤት የሚከፍትበት ዘመን አይደለማ።

ኋላ ጄምስ ጁቤር የሚባሉ ፈረንሳዊ ቄስ መጡ። እሳቸውም ከሴንት ዶሚንግ የሸሹ ናቸው። የጥቁር ልጆችን ትምህርተ ክርስቶስ እንዲያስተምሩ ተመደቡ፣ ልጆቹ ግን ማንበብ ስለማይችሉ ትምህርቱ አልገባ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ፊደል ያስፈልጋል አሉ። አስተማሪ ሲፈልጉ ላንጅንና ባላስን አገኙ። በሰኔ 1828 በተከራዩት ቤት ሃያ በሚሆኑ ልጆች ጀመሩ። በዓመቱ ጁላይ 2፣ 1829 አራቱ ሴቶች መሐላ ፈጸሙ። ላንጅ፣ ባላስ፣ ሮዚን ቦኤግና ተማሪያቸው የነበረችው ወጣቷ ዱሽማን ናቸው።

ስደተኛ፣ በሌላ ቋንቋ የሚናገር፣ ልጆችን ሰብስቦ ቤቱ የሚያስተምር። የእኛ የቅዳሜ ክፍል እኮ በማን ሳሎን ነበር የተጀመረው?

የቅዳሜ ክፍል አስተባባሪ፦
በእኔ ሳሎን። ምንጣፌ ላይ የፈሰሰው ቀለም አሁንም አለቀቀም።

እኔ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። አንድ ድራማ ብናዘጋጅ እላለሁ፤ እናት ላንጅ ቅድስት ሆነው፣ ሻማ ተይዞ፣ መዝሙር ተዘምሮ። በ2023 ቫቲካን «ክብርት» የሚለውን ማዕረግ ሰጥታቸዋለች አይደል?

የታሪክ ተማሪው፦
አዎ፣ በሰኔ 2023። ከዚያ ቀጥሎ ብፅዕት፣ ከዚያ ቅድስት ማለት ነው። እሱን ግን ለቤተ ክርስቲያናቸው ብንተወው ይሻላል። ሻማና መዝሙር ካደረግነው ልጆቹ በግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ያዩ ይመስላቸዋል። እኔ ማሳየት የምፈልገው የልብስ እጥበቱን ነው።

ጸሐፊዋ፦
የምን ልብስ እጥበት? አብራራው።

የታሪክ ተማሪው፦
አባ ጁቤር በ1843 ሞቱ። ከዚያ በኋላ ያለው አራት ዓመት ነው ዋናው ታሪክ። ሊቀ ጳጳስ ኤክልስተን «ጥቁር መነኩሲቶች ምን ያደርጋሉ» ከሚሉት ወገን ነበሩ፣ ቢበተኑ ደስታቸው ነበር። ሌላ አባት አልተመደበላቸውም። ተማሪው ተመናመነ፣ ገቢ የለም። ሴቶቹ ግን አልተበተኑም። የሰው ልብስ እያጠቡ፣ እየተኮሱ፣ እየሰፉ ትምህርት ቤቱን አቆዩት። ለቅዳሴ በእግራቸው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር።

በ1847 ኋላ ቅዱስ የተባሉት ጆን ኑማን ጉዳዩን ሰሙና ታዴዎስ አንዋንደር የሚባሉትን ወጣት ቄስ ላኩላቸው። አንዋንደር ሊቀ ጳጳሱ ፊት ተንበርክከው ነው አሉ ፈቃዱን ያገኙት። ትምህርት ቤቱ ከዚያ ወዲያ አንሰራራ።

ብዙ ጽሑፎች ላይ አንዋንደር እንደ አዳኝ ነው የሚቀርቡት። እሺ፣ ደግ ሰው ናቸው። ግን ያንን አራት ዓመት ሴቶቹ በጉልበታቸው ባያሻግሩት ኖሮ ሰውዬው የሚያድኑት ነገር አይኖርም ነበር። ዕቅዱ ላይ ይህ በግልጽ ይግባ ነው የምለው።

ገንዘብ ያዥ፦
ስለ ገንዘብ የሚያወራ ታሪክ ስትሉኝ ደስ ይለኛል። ግን የሰው ሊቀ ጳጳስ መውቀስ እኛን ያምርብናል? እንግዳ ሆነን ሄደን?

እትዬ፦
ያልተደረገ ካላልን ምን ነውር አለው። ራሳቸው ሲስተሮቹ የሚናገሩት ነገር ነው። ስትጽፉት ግን አትሳደቡ፣ የሆነውን በልኩ ጻፉ።

ጸሐፊዋ፦
በእትዬ እንስማማ። የሆነው በልኩ ይጻፋል፣ ስድብ የለም፣ ማለስለስም የለም። የልብስ እጥበቱ ዋና ክፍል ይሁን። ድራማውስ ይቅር ወይስ ይቀየር?

የቅዳሜ ክፍል አስተባባሪ፦
ይቀየር። ከልብስ እጥበቱ ሌላ ልጆቹ በእጃቸው የሚይዙት ነገር እፈልጋለሁ።

የታሪክ ተማሪው፦
የ1835ቱ ደብዳቤ አለልሽ። የቄሶች ትምህርት ቤቱ አባቶች ሲስተሮቹን መጥታችሁ የቤት አያያዙን ሥሩልን አሏቸው። እናት ላንጅ እምቢ አላሉም። ግን ሁኔታ አስቀመጡ፣ በጽሑፍ። ከሌሎቹ ሠራተኞችና ከውጭ ሰው ጋር ሥራው ከሚጠይቀው በላይ ግንኙነት አይኖረንም አሉ። ጥቁርም መነኩሲትም መሆናችን አስቸጋሪ ቦታ ላይ እንዳስቀመጠን አንደብቅም፤ ትዕቢተኛ መስለን መታየት አንሻም፣ ለለበስነው ቅዱስ ልብስ የሚገባው ክብር እንዲጎድልም አንፈቅድም ነው የሚለው ቃሉ በግርድፉ። አስቡት፣ በ1835፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ጥቁር ሴት ለነጭ አሠሪዎቿ።

የቅዳሜ ክፍል አስተባባሪ፦
በቃ ይሄ ነው። ደብዳቤውን ወደ አማርኛ እንመልሰዋለን፣ ትልልቆቹ ጮክ ብለው ያነቡታል። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ ለአለቃ ወይም ለአስተማሪ የራሱን ጨዋ ግን ጠንካራ ደብዳቤ በአማርኛ ይጽፋል። «እርስዎ» እና «አንተ» የት እንደሚገባ እንኳ በዚያው ይለምዳሉ። ለትንንሾቹ ጥልፍ ይሻላል፤ እትዬ ያስተምሩልን።

እትዬ፦
ዓይኔ እንጂ እጄ አልደከመም። አመጣለሁ ክሩን።

የታሪክ ተማሪው፦
ጥልፉ ደግሞ ልክ ቦታው ነው። ተማሪዎቹ ከንባብና ከሒሳብ ጋር ጥልፍ ይማሩ ነበር። በጨርቅ ላይ የጠለፏቸው አንዳንድ ሥራዎች እስከ ዛሬ ተጠብቀው አሉ።

ሹፌሩ (ነዋሪነቱ ባልቲሞር)፦
እኔ ስለ መንገዱ ልናገር፣ ከተማው ሥራዬ ነው። ሦስት ቦታ ነው ያለው። አንደኛው ፓካ ስትሪት ያለው የድሮው የሴሚናሪ (የቄሶች ትምህርት ቤት) ጸሎት ቤት። አባ ጁቤር ልጆቹን ያስተማሩት እዚያ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። ኤልሳቤጥ ሲተን፣ የመጀመሪያዋ አሜሪካ ተወላጅ ቅድስት፣ በ1809 ቃል የገቡትም በዚያው ክፍል ነው። የኖሩበት ቤት አጠገቡ ነው። ትንሽ ቦታ ነው፣ ልጆች አይደክማቸውም።

ሁለተኛው ቼዝ ስትሪት ላይ ያለው አካዳሚው ነው። ከ1871 ጀምሮ እዚያው ነው። አጠገቡ እስር ቤት ነው፣ ወላጆች አይደንግጡ፣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እኔ ሰው አድርሼ ስመለስ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ፤ በአንድ በኩል የእስር ቤቱ የድንጋይ ግንብ፣ በሌላ በኩል ቦርሳ ያዘሉ ተማሪዎች። እኔ ብሆን ልጆቹን አውርጄ እዚያ ጥግ ላይ ትንሽ አቆማቸው ነበር። ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ከከተማው ወጣ ብሎ ገን ሮድ ያለው ዋናው ገዳማቸው ነው። እናት ላንጅ የሞቱት በ1882 ነው፣ አጽማቸው ወደዚያ የፈለሰው በ2013 ነው። እዚያ ሳይደውሉ አይኬድም፣ አሮጊት ሲስተሮች የሚጦሩበት ቤት ነው።

ጸሐፊዋ፦
የቁምስናው፣ የካቶሊክ አጥቢያው ማለቴ ነው፣ ነገርስ?

የታሪክ ተማሪው፦
ሲስተሮቹ በ1836 ያሠሩት ጸሎት ቤት ለከተማው ጥቁር ካቶሊኮች በተግባር ቁምስናቸው ሆነ። ሌላ ቦታ ከኋላ ወይ ከፎቅ ላይ ነበር የሚቀመጡት። ኋላ ምእመኑ ሲበዛ የራሱን ቤተ ክርስቲያን አገኘ፤ በ1864 የተባረከው ሴንት ፍራንሲስ ዣቪየር ማለት ነው። ይህን በአንድ አንቀጽ ብናልፈው ይበቃል። የ1832ቱን ኮሌራ ግን አንርሳ። ከተማው ለድሆች መጠለያው አስታማሚ ሲጠይቅ ሁሉም ሲስተሮች እንሂድ አሉ፣ አራቱ ተመርጠው ሄዱ። ሲስተር አንቶኒ ዱሽማን ከዚያ ተመልሰው በያኔው ሊቀ ጳጳስ (ከኤክልስተን በፊት በነበሩት) ቤት ሕሙም ሲያስታምሙ በበሽታው ሞቱ። የወጣቷ የዱሽማን እናት ናቸው።

ገንዘብ ያዥ፦
አሁን አውቶብሱ!

ሹፌሩ፦
አውቶብስ አያስፈልግም ጋሼ። ቫን ያለን አባላት አለን፣ እኔ አስተባብራቸዋለሁ። የወላጅ ፊርማ ግን ግዴታ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ኢንሹራንሱን ሳላይ አልፈርምም። መቼ ነው ቀኑ?

ጸሐፊዋ፦
አንዳንዱ ፌብሩዋሪ ይላል፣ የጥቁሮች ታሪክ ወር ስለሆነና እናት ላንጅ ያረፉት ፌብሩዋሪ 3 ስለሆነ። እኔ በረዶውን እፈራለሁ።

እትዬ፦
ኋላም ዐቢይ ጾም ይገባል። ልጆቹን መንገድ ላይ ምን እናበላቸዋለን? ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ይሁን። ጾም የለም፣ ብርድ የለም። ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም። ለሲስተሮቹ ድፎ እጋግራለሁ።

ጸሐፊዋ፦
እንግዲህ ረቂቁ ይኸው። ያልተስማማችሁበትን አርሙ።

«ማኅበራችን የቅዳሜ ክፍል ልጆችን ከፋሲካ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ወደ ባልቲሞር ይወስዳል። ዓላማው የእምነት ትምህርት አይደለም። በ1828 የተጀመረ ትምህርት ቤት እንዴት ሳይዘጋ እዚህ እንደደረሰ ማየት ነው። ከጉዞው በፊት ልጆቹ የ1835ቱን ደብዳቤ በአማርኛ ያነባሉ፣ የራሳቸውን ይጽፋሉ፤ ትንንሾቹ ጥልፍ ይማራሉ። በጉዞው ዕለት ፓካ ስትሪትና ቼዝ ስትሪት ይጎበኛሉ፤ ገን ሮድ የሚኬደው ሲስተሮቹ ከፈቀዱ ብቻ ነው። ለልጆቹ የሚዘጋጀው ጽሑፍ ከ1843 እስከ 1847 ያለውን ጊዜ በስፋት ይተርካል። መጓጓዣው በአባላት መኪና ነው። ወላጅ ካልፈረመ ልጁ አይሄድም።»

እትዬ፦
አንድ ይጨመር። እኔን የመሰሉ አገር ቤት ሲስተሮች ጋ የተማርን አለን። ሳንሞት ቅዱን።

የታሪክ ተማሪው፦
እኔ እቀዳለሁ እትዬ፣ ስልኬ ይበቃል። ከእርስዎ ልጀምር።

ገንዘብ ያዥ፦
ይህ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ለብቻው ዕቅድ ይቅረብ። እትዬ አይቀየሙኝ። ጉዞውን ግን ደግፌያለሁ፣ የኢንሹራንስ ወረቀቱ እስከ ረቡዕ ከደረሰኝ።

ሹፌሩ፦
ይደርስዎታል። ቼዝ ስትሪት ቅዳሜ ዝግ ሊሆን ይችላል፤ ሰኞ ጠዋት እደውልና እዚሁ እጽፋለሁ። ክፍት ካልሆነ በውጭ አይተን እናልፋለን፣ ግንቡ እንደሆነ የትም አይሄድ።