ተማሪዎቼ አማካይ ያሰላሉ፣ ዜና ላይ ያለ ቁጥር ማንበብ ግን አቅቷቸዋል

ጠመኔ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። ስታትስቲክስ ላይ ስንደርስ ልጆቹ ቀመሩን አንዴ ካዩት አማካይ በሉት፣ ሚዲያን በሉት፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በሉት፣ እንደ ውሃ ነው የሚጠጡት። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በቀደም አንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው፦ «በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ መመገብ በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድልን በ18 በመቶ ይጨምራል»። ከራሴ ያመጣሁት አይደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ነው። ምን ማለት ነው ስላቸው፣ ጎበዝ የምላቸው ልጆች ሳይቀሩ «ከሚበሉት 100 ሰዎች 18ቱ ይታመማሉ» አሉኝ። አንዷ ብቻ እጇን አውጥታ «ከስንት ላይ ነው የጨመረው?» አለች።

ክፍሉ ሁሉ እንደሷ እንዲጠይቅ ነው የምፈልገው። ከየት ልጀምር? ቀመሩን ቀንሼ ለዚህ ጊዜ ልስጥ? ፈተናው ግን ቀመር ነው የሚጠይቀው፣ ምዕራፉም የዓመቱ መጨረሻ ላይ ስለሆነ በሩጫ ነው የሚያልቀው።

ነጭ ጋውን፦
መምህር፣ ያቺ ልጅ ትባረክ። እኛ ሐኪሞች በየቀኑ ታካሚ ፊት የሚገጥመን ጥያቄ ነው። 18 በመቶ ብቻውን ምንም አይነግርም። በሽታው በዕድሜ ዘመናቸው ከ100 ሰዎች 5ቱን ይይዛል ብንል፣ በ18 በመቶ ሲጨምር ወደ 6 ገደማ ይሆናል። ከ100 ሰው አንድ ሰው ተጨመረ ማለት ነው። ቀላል ነው አላልኩም፣ ግን 18 ሰው አይደለም።

ይሄ የቃላት ጨዋታ ለሚመስላቸው የብሪታንያን ታሪክ ይንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 የአገሪቱ የመድኃኒት ደህንነት ኮሚቴ፣ ያኔ አዲስ የነበሩ የወሊድ መከላከያ ክኒኖች የደም መርጋት አደጋን እጥፍ ያደርጋሉ ብሎ አስጠነቀቀ። እጥፍ! ብዙ ሴቶች ደንግጠው ክኒኑን አቆሙ። እጥፍ የተባለው ግን ከ7000 ሴቶች በአንዷ ላይ ይደርስ የነበረው በሁለት ላይ መድረሱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና ዌልስ 13,000 ያህል ተጨማሪ ፅንስ ማቋረጥ እንደተፈጸመ ተገምቷል። እርግዝና ራሱ ደግሞ ከክኒኑ በላይ ለደም መርጋት ያጋልጣል፣ እኔን ሁሌም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። «እጥፍ» ማለትም እውነት ነው፣ «ከ7000 አንድ ተጨማሪ» ማለትም እውነት ነው። ሴቶቹ ጋ የደረሰው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነበር።

ከሺህ ስንቱ፦
እኔ ቀመሩን አይቀንሱ ባይ ነኝ። ቅደም ተከተሉን ብቻ ይቀይሩት። ፐርሰንት ከማምጣትዎ በፊት ሰው ያስቆጥሯቸው። 1000 ሰው ይበሉና ሰሌዳው ላይ ቅርንጫፍ ይሳሉ። ከ1000ው 10ሩ አንድ በሽታ አለባቸው፣ 990ው ጤነኞች ናቸው። ምርመራው ከ10ሩ ታማሚዎች 9ኙን ያገኛል። ከጤነኞቹ ደግሞ 9 በመቶውን፣ ማለትም 89 ያህሉን፣ በስህተት ፖዘቲቭ ይላቸዋል። አሁን ይጠይቋቸው፦ ፖዘቲቭ የተባለ ሰው በእርግጥ የመታመም ዕድሉ ስንት ነው? ፖዘቲቭ የወጣው 98 ሰው፣ ከነሱ የታመመው 9 ሰው። ከ10 አንድ እንኳ አይሞላም።

ያንኑ ጥያቄ በፐርሰንት ቢሰጧቸው አብዛኞቹ ዓይናቸውን ሳያሹ 90 በመቶ ነው የሚሉት። ደግሞ ልጆቹ ብቻ አይደሉም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጌርድ ጊገረንዘር እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለሐኪሞች ሲያቀርብ ብዙዎቹ ይስቱት ነበር። ፐርሰንቱን ትቶ በሰው ቁጥር ሲያሠራቸው ግን አብዛኞቹ አገኙት። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የፕሮባቢሊቲው ቀመር ሲመጣ ልጆቹ ትርጉሙን ይዘው ይጠብቁታል።

ቀስ በል፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ የምፈራው ነገር ግን አለ። ተማሪ ቁጥር ሲያታልል ብቻ ካሳየነው የሚይዘው ትምህርት «ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው» የሚል ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ዝም ብሎ ከማመን አይሻልም። የሚሠራ ቁጥርም እናሳያቸው። የ1936ቱ የአሜሪካ ምርጫ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ ታዋቂ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን የመጠይቅ ካርድ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ የሪፐብሊካን ዕጩው ላንደን ያሸንፋል አለ። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ጋላፕ 50,000 ያህል ሰው ጠይቆ ፕሬዚዳንቱ ሩዝቬልት ነው የሚያሸንፈው አለ። ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ጠራረገ። መጽሔቱ አድራሻ የወሰደው በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር፣ በዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ አስቡት። በዚያ ላይ ካርዱን ሞልቶ የመለሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ናሙና ሲበዛ ሳይሆን በደንብ ሲመረጥ ነው የሚታመነው፣ ልጆቹ ይሄን ሲያዩ ለቁጥር ያላቸው አክብሮት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሌላው፣ መረጃውን ራሳቸው ይሰብስቡ። «ትናንት ለስንት ሰዓት ያህል ተኛችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወዲያው ክርክር ይነሳል፦ አልጋ ላይ ሆኖ ስልክ መነካካት ይቆጠራል? የቀን እንቅልፍስ? «ወደ 8 ሰዓት ገደማ» ያለውን ምን ብለን እንመዝግብ? ያ ክርክር ከየትኛውም መልመጃ ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቁጥር ከጀርባው ሰው የወሰነው ውሳኔ እንዳለው በዓይናቸው ያዩታል።

ጠመኔ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእንቅልፉን ነገር ለሰኞ ያዝኩት፣ አማካዩንና ሚዲያኑንም በዚያው መረጃ አሠራቸዋለሁ፣ ስለዚህ ከፈተናውም አልወጣሁም። አንድ ልጨምር፦ ግራፍ ሁሌ ከ0 መጀመር አለበት ብዬ ላስተምር?

ከሺህ ስንቱ፦
ባር ግራፍ ከሆነ አዎ፣ ዓይን የሚያወዳድረው የባሩን ርዝመት ስለሆነ 50ንና 52ን ከ49 ጀምሮ የሳለ ሰው ሁለተኛውን ሦስት እጥፍ አስመስሎታል። የመስመር ግራፍ ላይ ግን ግዴታ አያድርጉት። የታማሚን የሰውነት ሙቀት ከ0 ዲግሪ ጀምረው ቢስሉት ከ37 ወደ 40 የወጣው ትኩሳት አይታይም። በጎን ያለውን ቁጥር መጀመሪያ እንዲያነቡ ያስለምዷቸው፣ መስመሩን ከዚያ በኋላ።