የጉድጓድ ውሃና የልጆች ጥርስ፦ ፍሎራይድ የበዛበትን ውሃ ምን እናድርገው?

ጥያቄ (ከመቂ አቅራቢያ፣ የምግብ ቤት ባለቤት)

ጤና ይስጥልኝ። ከመቂ ወደ ባቱ (ዝዋይ) በሚወስደው መንገድ ዳር አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። ግቢያችን ውስጥ ያስቆፈርነው የውሃ ጉድጓድ ስላለ ወጡን የምንሠራውም፣ ሊጡን የምናቦካውም፣ ሻዩን የምናፈላውም በዚያው ውሃ ነው፤ የቧንቧ ውሃ በሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ ለጎረቤት በጀሪካን እንሸጣለን። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ሽታም ሆነ የተለየ ጣዕም የለውም፤ ከጠጡት ሰዎችም ሆዴን አመመኝ ያለ ሰምቼ አላውቅም።

ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጄ የወተት ጥርሷ ወልቆ በምትኩ የበቀሉት የፊት ጥርሶቿ ላይ አግድም የተሰመረ ነጭ መስመር፣ በመካከሉም በብሩሽ የማይለቅ ቡናማ ነጠብጣብ ታየባት። ያየቻት የጥርስ ሐኪም «ከምትጠጡት ውሃ የመጣ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ነው» ብላ መለሰችን። ታናሿ ገና ሁለት ዓመቷ ነው። አብረውን የሚኖሩት አማቴም ወገባቸውን ማጎንበስና አንገታቸውን ማዞር ከተቸገሩ ሰንብተዋል።

ውሃውን ማፍላት ይበቃል ወይ? በገበያ ያለው የሸክላ ማጣሪያስ ይጠቅማል? ለጎረቤት መሸጡንስ ልቀጥል ወይስ ላቁም? የምታውቁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ (የጥርስ ሐኪም)

እህታችን፣ ከሁሉ በፊት ስለ ታናሿ ልጅዎ ልናገር፤ ከቤተሰቡ መካከል ገና ሙሉ በሙሉ ልንጠብቃት የምንችለው እርሷን ነውና። ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ውጫዊ ሽፋን በፍሎራይድ የሚጎዳው ጥርሱ ድድ ውስጥ ሆኖ በሚሠራበት ጊዜ ነው፤ ይህም ለፊትና ለአብዛኞቹ ቋሚ ጥርሶች ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ያለውን ዕድሜ ይይዛል። ስለዚህ ዛሬ የምትጠጣው ውሃ ውጤቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ቋሚ ጥርሷ ሲበቅል ነው። ለእርሷ የሚሆን ውሃ ምንም ቢቸግር ከሌላ ምንጭ ይፈልጉላት። የእናት ጡት ወተት እናትየዋ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ብትጠጣ እንኳ በውስጡ ያለው ፍሎራይድ እጅግ አነስተኛ ነው፤ የዱቄት ወተት በዚያ ውሃ ሲበጠበጥ ግን ሕፃኑ መጠኑን እንዳለ ይወስደዋል። በአካባቢዎ ጨቅላ ያላቸው ጎረቤቶች ካሉ ይህንን ይንገሯቸው።

የትልቋ ልጅዎ ጥርስ መልኩ ተለወጠ እንጂ በዚህ ደረጃ ጥንካሬውን አጥቷል ለማለት አያስደፍርም። የበቀለ ጥርስ ላይ ከእንግዲህ አዲስ ነጠብጣብ አይወጣም፤ ያለውን ግን መፋቂያም፣ ጨውም፣ ከሰልም አያስለቅቀውም፤ ኢናሜሉን ይሞርዱታል እንጂ። ስታድግ ላይኛውን ስስ ሽፋን በመጠኑ በማንሳት ወይም የጥርስ መልክ ባለው ሙሌት በመሸፈን ማስተካከል ይቻላል። በትምህርት ቤት ልጆች እንዳይስቁባት መስጋትዎ ይገባኛል፤ የሪፍት (ስምጥ) ሸለቆ ልጆች ሲስቁ እጃቸውን ወደ አፋቸው የሚሰዱት አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

መልስ (የውሃ ላቦራቶሪ ባለሙያ)

ማፍላትን በተመለከተ መልሱ ግልጽ ነው፤ አይረዳም። ማፍላት ተህዋስያንን ይገድላል፤ ፍሎራይድ ግን የሟሟ ማዕድን በመሆኑ በእንፋሎት አይወጣም፤ ውሃው እየተነነ ሲያንስ የቀረው ይበልጥ ይወፍራል እንጂ። ቀኑን ሙሉ ምድጃ ላይ ተጥዶ የሚውል የሻይ ጀበና ውስጥ ያለው ውሃ ከጉድጓዱ ውሃ የበለጠ ፍሎራይድ ሊይዝ ይችላል፤ የሻይ ቅጠል በራሱም ፍሎራይድ አለው። የሸክላ ማጣሪያም ሆነ እንደ ውሃ አጋር ያለ የክሎሪን መድኃኒት የሚከላከሉት ተቅማጥና ታይፎይድን ነው፤ ለዚህ ችግር አልተሠሩም።

ማንኛውንም ማጣሪያ ከመግዛትዎ በፊት ውሃውን ያስለኩ። ፓምፑን አስነስተው ቱቦው ውስጥ የቆየው ውሃ እስኪወጣ ጥቂት ያፍስሱ፤ ከዚያም ንጹሕ የሃይላንድ ፕላስቲክ በዚያው ውሃ ደጋግመው አለቅልቀው ይሙሉት። የብርጭቆ ጠርሙስ አይጠቀሙ፤ ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ስለሚዋሃድ ውጤቱን ያዛባል። የተቀዳበትን ቀንና ቦታ ጽፈው ይለጥፉበት። የሚቀርበው የውሃ ጽሕፈት ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ይለካልዎታል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። ሞቃት በሆነ አገር ሰው ብዙ ውሃ ስለሚጠጣ ከዚያ ዝቅ ቢል ይመረጣል።

መልስ (የጂኦሎጂ መምህር)

ጠልቆ የተቆፈረ ጉድጓድ ንጹሕ ነው የሚለው እምነት በሪፍት ሸለቆ ውስጥ ብዙ ሰው ያሳስታል። የአካባቢው አለት ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድና ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ) ሲሆን፣ ውሃው በውስጡ እየሰረገ ሲያልፍ ፍሎራይዱን አሟሙቶ ይወስዳል። ካልሲየም የሞላበት ውሃ ቢሆን ፍሎራይዱ ከካልሲየሙ ጋር ተጣምሮ በረጋ ነበር፤ የእኛ የሸለቆ ውሃ ግን ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ስለሆነ ፍሎራይዱ ሟሙቶ ይቀራል። ለብ ያለ ወይም ትኩስ ውሃ ከወጣዎት ይበልጥ ይጠርጥሩ። ሻላንና አቢጃታን የመሳሰሉ ሐይቆችም ፍሎራይዳቸው እጅግ ከፍተኛ ነው። የጎረቤትዎ ጉድጓድ ደህና መሆኑ ስለ እርስዎ ጉድጓድ ማስረጃ አይሆንም፤ በአጭር ርቀት ውስጥ መጠኑ በእጅጉ ይለያያልና።

መልስ (የወንጂ ጡረተኛ)

ልጄ፣ በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ ብዬ ብጠራሽ አትቀየሚኝ። የኔዘርላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1954 እ.ኤ.አ. ሥራ ካስጀመረ በኋላ በእርሻው መንደሮች ከጉድጓድ የሚቀዳውን ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች ወገባቸው እንደ ሳንቃ ደርቆ፣ ለመዞር መላ ሰውነታቸውን ማዞር ያስፈልጋቸው ነበር። በሽታው በሐኪሞች ተጠንቶ የታወቀው ቆይቶ ነው፤ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትም በስምጥ ሸለቆው ስላለው የፍሎራይድ ጉዳት ብዙ ደክመውበታል። እኛ ዘንድ በአሉሚና (ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን በተሠራ ፍሬ መሰል ነገር) የሚሠራ ማጣሪያ ተተክሎ ነበር። አሉሚናው ፍሎራይድ ይዞ ሲጠግብ ካልታደሰ ግን ውሃው እንደገባ ይወጣል፤ ዓይን ደግሞ ልዩነቱን አያየውም። ማጣሪያ የሚሸጥልሽ ሰው «ዕድሜ ልክ ያገለግላል» ካለሽ እመኚኝ፣ ገንዘብሽን ብቻ ነው የሚፈልገው።

አማትሽን በሚመለከት ግን ወደ ሐኪም ውሰጃቸው እንጂ በእኛ ወሬ አትወስኚ።

መልስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

አባታችን ያሉት ትክክል ነው። የወገብ መገተር በዕድሜ፣ በአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ወይም በሌላ የመገጣጠሚያ በሽታ ሊመጣ ስለሚችል ሁሉንም በፍሎራይድ ማሳበብ አደገኛ ነው። የአከርካሪና የዳሌ ራጅ ይነሱ፤ ኩላሊታቸውም ይመርመር፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ፍሎራይድን በሽንቱ ማስወገድ ስለሚቸግረው ከሌላው ይልቅ ይጎዳል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ፣ እግራቸውም ከደነዘዘ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አማቴ ምርመራ ጀምረዋል። የውሃው ውጤትም ደርሷል፤ በሊትር 4 ሚሊግራም ነው። የከተማውን ቧንቧ ውሃም አብሬ አስለክቼ 0.5 ሆኗል። አሁን ምን ላድርግ? ጉድጓዱ ብዙ ወጪ ወጥቶበታል።

መልስ (የውሃ ላቦራቶሪ ባለሙያ)

ሁለቱንም ማስለካትዎ ሥራውን አቅልሎታል። ጉድጓዱን መድፈን አያስፈልግም፤ ለልብስ፣ ለገላና ለወለል ማጠቢያ ይሁን፤ ፍሎራይድ በቆዳ ዘልቆ የሚያስጨንቅ መጠን አይገባም። መጠንቀቅ ያለብን አፍ ውስጥ ለሚገባው፣ ማለትም ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለሊጥና ለሻይ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የመጠጡን ለይቶ የማብሰያውን ይረሳዋል፤ ሽሮውና እንጀራው ግን የተሠሩበትን ውሃ ፍሎራይድ ይዘው ወደ ገበታ ይቀርባሉ።

ለዚህ አገልግሎት የቧንቧውን ውሃ ሲመጣ በሮቶ ያጠራቅሙ። ካልበቃ ይቀላቅሉ፤ ሁለት ጀሪካን የጉድጓድ ውሃ ከአምስት ጀሪካን የቧንቧ ውሃ ጋር ቢቀላቀል ልክ 1.5 ይመጣል፤ አንድ ለአራት ቢያደርጉት 1.2 ስለሚሆን እርሱ ይሻላል። ለታናሿ ግን ያልተቀላቀለ የቧንቧ ውሃ ይስጧት። በክረምት በቆርቆሮ ጣሪያና በአሸንዳ የሚሰበሰብ የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ ከምንም አይቆጠርም፤ የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ አጥቦ እንዲፈስ ይተዉት፤ የሚጠጣውንም በክሎሪን ያክሙት። ፍሎራይድን ሽሽት ያልታከመ የሐይቅ ወይም የወንዝ ውሃ መጠጣት ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ተቅማጥ ሕፃንን በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ከማጣሪያዎቹ በከብት አጥንት ከሰል የሚሠራው በአገራችን ተሞክሮ ፍሎራይድን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። በአግባቡ ያልተቃጠለ አጥንት ውሃውን ያገማዋል፤ አጥንቱ ከየት መጣ፣ ማን ያረደው ነው ብሎ የሚጸየፍ ደንበኛም አይጠፋም፤ ይህንን አስቀድመው ያስቡበት። ከሕንድ የመጣው ናልጎንዳ የተባለው ዘዴ አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ጨምሮ ማማሰልና ማዝቀጥ ነው፤ በየቀኑ የሚመዝን ጠንቃቃ ሰው ስለሚፈልግ በሥራ ለተወጠረ ምግብ ቤት አልመክረውም።

መሸጡን ግን ያቁሙ። የጎረቤት ልጅ የሚጠጣውን አያውቁምና፣ «ለማጠቢያ ብቻ» ብሎ ጀሪካኑ ላይ ጽፎ መሸጥ እንኳ አያስተማምንም። ውጤቱን ለቀበሌዎ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያሳውቁ፤ በአካባቢው ሌሎች ያልተለኩ ጉድጓዶች መኖራቸው አይቀርም።

መልስ (የካፌ ባለቤት፣ አዳማ)

እኔ የምጠቀመው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የተባለውን፣ ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማሽን ነው። ፍሎራይዱን አብዛኛውን ያስቀራል፤ ነገር ግን መብራት ይፈልጋል፣ ማጣሪያ ሽፋኑም በየጊዜው ይለወጣል። ሻጮች ብዙውን ጊዜ የማይናገሩት አንድ ነገር አለ፤ ማሽኑ ከሚገባበት ውሃ ከፊሉን በሌላ ቱቦ ይጥላል፤ የተጣለው ውሃ ፍሎራይዱ የተከማቸበት ነው። እኔ በበርሜል አጠራቅሜ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት አውለዋለሁ። ለከብት አያጠጡት፣ ዕቃ ማጠቢያው አጠገብም አያስቀምጡት፤ ሠራተኛ ሲቸኩል ቀድቶ ድስት ላይ ሊጨምረው ይችላል። በርሜሉን በቀይ ቀለም ቀብተው ክዳኑን ቢያስሩት ጥሩ ነው።