ጡት ካስጣልኩ 2 ዓመት አለፈኝ፤ ወተቱ ከየት መጣ?

ጠያቂ (መሐል ሜዳ)፦ እህቶች፣ እስቲ ምከሩኝ። ዕድሜዬ 29 ነው፤ የ4 ዓመት ልጅ አለችኝ። የወር አበባዬ ከቀረ 3 ወር ሆነው። ሰሞኑን ልብስ ሳጥብ ጡት መያዣዬ ላይ ነጭ ነገር ደርቆ አየሁ። ጫን ሳደርገው ከሁለቱም ጡቶቼ ወተት ይወጣል! እርግዝና ተመርምሬ የለም ተባልኩ። ደብረ ብርሃን ሄጄ ደም ሰጠሁ፤ ፕሮላክቲን (ወተት የሚያመጣው ሆርሞን) 68 ይላል፣ ጣሪያው 25 ነው። የሐኪም ቀጠሮዬ ገና ነው። አማቴ «ብርድ መትቶሽ ነው» ይላሉ። የማህፀን ችግር ይሆን?

የሸዋ ሮቢቷ፦ አይዞሽ እህቴ፣ እኔም አይቼዋለሁ። ማህፀን አይደለም፤ ፕሮላክቲን የሚመነጨው ጭንቅላት ውስጥ ካለች አተር የምታክል እጢ ነው። ሲበዛ እንቁላል እንዳይለቀቅ ያደርጋል፣ አበባውም የሚቀረው ለዚያ ነው። የኔ ከ200 በላይ ነበር፤ ኤምአርአይ ስነሳ እጢዋ ላይ ትንሽ እባጭ ተገኘ። ካንሰር አይደለም። ካበርጎሊን የሚባል ፕሮላክቲን የሚቀንስ ኪኒን በሳምንት 2 ቀን እየዋጥኩ አበባዬ ተመለሰ።

ፋርማሲስት (ደብረ ብርሃን)፦ እባጭ ብለን ሳናስደነግጣት፦ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ለማቅለሽለሽ፣ ለግፊት፣ ለጭንቀት?

ጠያቂ፦ ጨጓራ አለብኝ። ሲያቅለሸልሸኝ ፕላዚል ገዝቼ እውጣለሁ፤ ከፋሲካ ወዲህ፣ ሲብስብኝ በቀን 3 ጊዜ። እሱም ይቆጠራል?

ፋርማሲስት፦ እንዴት አይቆጠርም! የፕሮላክቲን ልጓሙ ጭንቅላት ውስጥ የሚመነጨው ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ፕላዚል ልጓሙን ይፈታዋል። ለጥቂት ቀን እንጂ ለወራት የሚዋጥ አይደለም። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ሪስፐሪዶን፣ ለነፍሰ ጡር ግፊት የሚሰጠው ሜቲልዶፓም እንደዚሁ ናቸው። የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ይህን አንብቦ በራሱ እንዳያቆም፣ አደራ። አንቺ ቀጠሮሽን አስቀድሚና እሽጉን ይዘሽ ሂጂ።

ነርስ (ደብረ ሲና)፦ ታይሮይድም (አንገት ላይ ያለችው እጢ) ይታይ፤ ሲያንስ ፕሮላክቲንን ከፍ ያደርጋል። ድካም፣ የሆድ ድርቀት፣ ብርድ አለመቻል አለሽ? (መንዝ ላይ ብርድ የሚችል ካለ ማለቴ ነው።) ደም የምትሰጪው ልክ ከእንቅልፍ እንደተነሳሽ አይሁን፤ ትንሽ አረፍ በይ። ጡትሽንም «ዛሬስ አለ?» እያልሽ አትጭመቂ፣ መነካካቱ ራሱ ይጨምረዋል። የማይለቅ ራስ ምታት ከመጣ፣ ወይም ጎንሽ ያለው ሰው አልታይ ብሎሽ ከበር መቃን ጋር መጋጨት ከጀመርሽ ቀጠሮ አትጠብቂ።

አባት (እነዋሪ)፦ ልጄ፣ ሸንኮራ ዮሐንስም አለልሽ፤ ጠበሉን ተጠመቂ።

ነርስ፦ ይጠመቁ አባባ፤ ሕክምናውንም ሳይተዉ።

ጠያቂ (ከ5 ሳምንት በኋላ)፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሐኪሙ እሽጉን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ፤ ፕላዚሉን አስቆመኝ። ታይሮይዴ ደህና ነው። ፕሮላክቲኑ ድጋሚ ስመረመር 19 ሆነ፤ አበባዬም ትናንት መጣ።

የሸዋ ሮቢቷ፦ እሰይ! ጨጓራሽስ?

ጠያቂ፦ ባክቴሪያ ተገኘብኝ፣ መድኃኒት ጀምሬያለሁ። በርበሬ ተዪ መባሌን ግን ለአማቴ አልነገርኳቸውም።