እንዶድ በወንዛችን ዳር፦ የጋራ ፕሮፖዛሉን እንቅረጽ

ሰብሳቢ፦ ሰላም የማኅበራችን አባላት። ረቂቁ ወንዙ ዳር ባሉ አጥሮች ላይ እንዶድ እንትከል ይላል። ልጆቻችን ቢልሃርዚያ ይዟቸው ፕራዚኳንተል የተባለውን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ይሻላቸዋል። እዚያው ውኃ ሲገቡ ደግሞ እንደገና ይይዛቸዋል። ሐሳባችሁን ጻፉ።

ጸሐፊ፦ መግቢያው በሳይንቲስቱ በዶ/ር አክሊሉ ለማ ይጀምር። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እንዶዱ የገደላቸው እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። የእናቶቻችን የልብስ ማጠቢያ ለሳይንስ መንገድ አሳየ፤ ይህን በአንድ መስመር አንለፈው።

የችግኝ ኃላፊ፦ ረቂቁ «ዘር እንዝራ» ይላል፣ ይስተካከል። እንዶድ ወንድና ሴት አለው፤ ወንዱ አያፈራም። ከዘር ካበቀልነው እስኪያብብ ድረስ የትኛው የትኛው እንደሆነ አናውቅም። ብዙ ከምታፈራ ሴት ተክል ቅርንጫፍ ቆርጠን እናጽድቅ። ቁጥር 44 የተባለው የተመረጠ ዓይነት ከተገኘማ እሰየው! ሐረግ ስለሆነ የሚወጣበት ነገር ይፈልጋል፤ አጥሩ ጠንካራ ይሁን።

አንጋፋ አባል፦ ልጆቼ፣ ፍሬው ሳይቀላ ነው የሚለቀመው። አረንጓዴ ሳለ ደርቆ የተወቀጠው አረፋው ከገንዳው ይተርፋል፣ ነጠላውም ወተት ይመስላል። የቀላው እንደዚያ አይሆንም። ሲወቀጥ ብናኙ ክፉኛ ያስነጥሳል፣ አፍንጫ ይሸፈን። ለመድኃኒት ብሎ የሚጠጣውም ሰው አለና መርዝነቱ በጉልህ ይጻፍ።

የጤና ባለሙያ አባል፦ እትዬ ልክ ናቸው። እኔ የምቃወመው «ዱቄቱን ወንዝ ውስጥ እንጨምራለን» የሚለውን ነው። እንዶድ ዓሣም ይገድላል። የቀንድ አውጣውን እንቁላል ደግሞ በደንብ አይገድልም፤ ስለዚህ አንዴ ጨምሮ መተው ዋጋ የለውም። መጠኑንና ጊዜውን ጤና ጽሕፈት ቤቱ ይወስን። የእኛ ድርሻ መትከል፣ መልቀም፣ ማድረቅ ይሁን። ሽንት ቤትም ይጨመርበት፤ የቢልሃርዚያው ትል እንቁላል ውኃው ውስጥ የሚገባው ከሰው ዓይነ ምድር ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሽንት ቤቱ ከገባ በጀቱ ይለወጣል። ግን እደግፋለሁ።

ሰብሳቢ፦ እኔም። ወንዝ ውስጥ መጨመር የሚለው ወጥቷል፣ ዘሩ በቅርንጫፍ ተቀይሯል። እትዬ፣ የለቀማውንና የማድረቁን ነገር በድምፅ ይላኩልኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ። ገንዘብ ያዥ፣ የሽንት ቤቱን ወጪ ለብቻ አውጣው። ቅዳሜ ለቀበሌ እናስገባለን።